ጳጉሜ ስድስት የተሰፋ ፍራሽ

ሉባባ ይማም ከቤቷ ስትወጣ መጀመሪያ የምታደርገው እጇን ወደኋላ ማጣመር ነው። ቀኝ እጇ የግራዋን አንጓ ይይዛል፤ ከዚያ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ትወጣለች። ደሴ ውስጥ ባለ ሁለት የሆነ ሰው ሁሉ የሚሄደው እንዲህ ነው። እጅ ወደኋላ ከታሰረ አይወናጨፍም፤ ካልተወናጨፈ ሰው አይነካም፤ ሰው ካልነካ አይቆጠርም።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ሰኞ ገበያ በየሃምሳ እርምጃው አንድ ቆጣሪ ቆሟል። ቁመቱ የሰው ቁመት ተኩል ይሆናል። አናቱ ላይ ዓይን አለው፤ ወገቡ ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያሳርፉበት ጥቁር ሰሌዳ። ሉባባ በአጠገቡ ስታልፍ ሰላም ትለዋለች። ሰላም ማለት ግዴታ አይደለም። ግን ሁለተኛዋን ቁጥር ያገኘችው እሱን ተራግማ ስለሆነ አፏን በሰላምታ ማስያዝ ይሻላታል።

ሕጉ የወጣው በሁለት ሺህ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። አጭር ሕግ ነው፤ ልጆች በቃላቸው ይሉታል። አንድ ያጠፋ ይቆጠራል፣ ሁለት ያጠፋ ይቆጠራል፣ ሦስት ያጠፋ ሃያ አምስት ዓመት ይገባል። ጥፋቱ ምን ያህላል ብሎ ሕጉ አይጠይቅም። የእህል መጋዘን ከነዘበኛው ያቃጠለ ነጋዴ የመጀመሪያው ስለነበር ተቆጥሮ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሁለት ሳሙና በነጠላዋ ሸፍና ከሱቅ የወጣች ሴት ሦስተኛዋ ስለነበር ሃያ አምስቱን ገብታለች። ሰዉ መጀመሪያ ላይ ገርሞት ነበር። በኋላ ለመደው።

ቆጣሪው የሚፈልገው መዳፍ ብቻ ነው። ጥፋት ሲያይ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ «በማን እጅ?» ይላል። መዳፉን ያሳረፈ ሰው ማንም ይሁን ማን ቁጥሩ የሱ ነው። ሦስት ጊዜ ጠይቆ መዳፍ ካጣ ግን የአጥፊውን ፊት አይቶ ራሱ ይቆጥራል። ለልጃቸው ደርሰው መዳፋቸውን ያሳረፉ አባቶች ነበሩ። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ሲሰሙ አልከፋቸውም። ቁጥሩ ይግባ እንጂ የማን እንደሆነ ጉዳያቸው አልነበረም።

ሉባባ ሥራዋ ፍራሽ መስፋት ነው። ያረጀ ፍራሽ ትተረትራለች፣ የተጓጎለውን ጥጥ ፀሐይ ላይ ዘርግታ በሁለት የወይራ ዘንግ ትመታዋለች፣ ጥጡ ተፍታቶ እንደ ደመና ሲነፋ መልሳ ትሞላና በረጅሙ የጆንያ መርፌ ትሰፋዋለች። ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው። ትምህርት ቤት የሄደችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ የምታውቀውን ሁሉ ከጥጥ ተማረች።

የመጀመሪያው ቁጥር የመጣባት ሕጉ በወጣ በሦስተኛው ወር ነበር። ጎረቤቷ የሻረግ በርበሬ አስጥታለች። ሉባባ በሩ ላይ ጥጥ ትመታለች። ነፋስ መጣና ብናኙን አንስቶ በርበሬው ላይ አለበሰው። የሻረግ ቀይ በርበሬዋ ሽበት አብቅሎ ስታየው ብድግ ብላ፣ እናቷም አያቷም ሲናደዱ እንደሚሉት፣ «ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች። ሌላ አላለችም። ቆጣሪው ግን ሰማ። «ክስ ተመዝግቧል። አየር ማወክ። በማን እጅ?» አለ።

የሻረግ ደነገጠች። «ኧረ እኔ አልከሰስኩም! ጎረቤቴ ናት! እንዲያው አፌ ነው!» እያለች ቆጣሪውን ለመነችው። ክስ ማንሳት የሚባል ነገር በሕጉ የለም። ሉባባ ሄዳ መዳፏን አሳረፈች፤ አንጓዋ ላይ አንድ ቁጥር በራ። ወደ ቤቷ ስትመለስ የሻረግን ዞር ብላ አላየቻትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ አላየቻትም፤ በአንድ ግድግዳ ነው የሚኖሩት። የሻረግ ለበዓል ዳቦ ትልካለች፣ ሉባባ ሳሕኑን እንዳለ ትመልሳለች። ሽማግሌ ተላከ፣ ሉባባ ሽማግሌዎቹን አስተናግዳ ሸኘቻቸው። ሉባባ ከያዘች ያዘች ነው።

የሁለተኛው ቁጥር ነገር ከወንድሟ ጋር የተያያዘ ነው።

ሙሄ ይማም የሉባባ የመጨረሻ ታናሽ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኳስ ሜዳ ተደባድቦ የአንድ ልጅ ጥርስ አውልቋል፤ ከዚያ ልጅ ጋር ታርቀው ሚዜው ሆኗል። ሕጉ ሲወጣ ያ የድሮ ጠብ አንድ ተብሎ ተቆጠረ። በሰማንያ ዘጠኝ መናኸሪያ በር ላይ ያለ ቦታው ጃንጥላ ሲሸጥ ሁለት ሆነ። በዘጠና አንድ ኅዳር፣ ቦርከና ያለ ወቅቱ ሞልቶ የድልድይ መጠገኛ ጣውላ እያንገላታ ሲያመጣ፣ ሙሄ ከውሃው ውስጥ አንዱን ጎተተና ወደ ቤት ይዞ ሄደ። የእህቱ አልጋ አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ ነበር የቆመው። ጣውላው ለዚያ ነው።

ሉባባ ሰምታ ሮጠች። ያኔ ባለ አንድ ናት፤ መዳፏን ብታሳርፍ ሁለት ትሆናለች እንጂ አትገባም። ስትደርስ ቆጣሪው ሦስተኛውን ጠይቆ ጨርሶ ነበር።

ዳኛ የሚለው ስም ቀርቷል፤ አንባቢ ነው የሚባሉት። የሙሄን ያነበቡት መነጽር ያደረጉ ደርባባ ሴት ነበሩ። ከወረቀቱ ላይ ሃያ አምስት ዓመት ብለው አነበቡ። ሉባባ ተነሳች።

«እመቤቴ፣ ጣውላውን መልሰነዋል እኮ። ደርቆ፣ ታጥቦ።»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያ?»

አንባቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለኔ ቢተው ኖሮ ጣውላውን መልስና ሂድ፣ ሁለተኛ እንዳላይህ እለው ነበር። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። እኔ አንባቢ ነኝ።»

«ድሮ፣ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይሉ ነበር» አለች ሉባባ። «የኔ ወንድም ጭብጦ አይደለም።»

«አይደለም» አሉ አንባቢዋ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለውን ወረቀት አነሱ።

ሉባባ ከዚያ ወጥታ መንገድ ላይ ያገኘችውን የመጀመሪያ ቆጣሪ ቀና ብላ «ዓይንህ ይጥፋ!» አለችው። ሁለት ሆነች።

እንግዲህ ጳጉሜን መናገር ያስፈልጋል።

ቆጣሪዎቹን የሠሩት ሰዎች የወራቱን ዝርዝር የወሰዱት ከመንግሥት ደመወዝ መዝገብ ነው ይባላል። ደመወዝ ደግሞ ጳጉሜን አያውቅም፤ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው። ስለዚህ ነሐሴ ሠላሳ ሲያልቅ ቆጣሪው ዓይኑን ይጨፍናል። በስድስተኛው ቀን፣ አንዳንዴ ማለዳ አንዳንዴ እስከ እኩለ ቀን ዘግይቶ፣ መስከረም አንድ ብሎ ይነቃል። መሐል ያሉት አምስት ቀናት ለሱ አልተፈጠሩም። ሹማምንቱ ያውቃሉ። ለማረም ግን ሕጉ ተሳስቶ ነበር ብለው መፈረም አለባቸው፤ የሚፈርም ሰው ጠፋ።

በነዚህ አምስት ቀናት ደሴን የማያውቅ ሰው ቢመጣ ሁሉም የሰከረ ይመስለዋል። ባለ አንዱም ባለ ሁለቱም እጁን ከኋላው ፈትቶ ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ የዋጡትን ነገር ቁመው ይነጋገራሉ፤ ይሰዳደባሉ፣ በዚያው ይታረቃሉ። መንገድ በፈለጉበት ይሻገራሉ። በርበሬና ሽንኩርት መሬት ላይ ይቸረቸራል። የሩፋኤል ለት ዝናብ ሲጥል ትልልቅ ሰዎች ከልጆች ጋር ወጥተው በዝናቡ ይታጠባሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። አንድ ነገር ግን አለ፤ ማንም ጋዜጣ ጽፎት አያውቅም። በጳጉሜ ሱቆች እንደ ወትሮው ክፍት ናቸው፣ ዘበኛም አይጨመርም፤ የሚሰረቀው ከሌላው ቀን አይበልጥም። የመጋዘን ቃጠሎም አልታየም። ሰዉ ያጣው ሽንኩርት የሚሸጥበትንና «ተው አንተ!» የሚልበትን ቀን ነው።

ሉባባ ጥጥ የምትመታው በጳጉሜ ብቻ ሆነ። ሰው ዓመቱን ሙሉ ፍራሹን አስቀምጦ ይቆያታል። በአምስቱ ቀናት ዘንጎቿ ከማለዳ እስከ ምሽት ጧ፣ ጧ ሲሉ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ደስ ይለዋል። በየዓመቱ ጳጉሜ አንድ ላይ ፊቷን ወደ ሰማይ አዙራ አልሐምዱሊላህ ትላለች። አምስት ቀን ብዙ ነው። አንድም ላይኖር ይችል ነበር።

በዘጠና አንድ ክረምት ማብቂያ ላይ የምትሠራው አንድ ፍራሽ ብቻ ነበር፤ የሙሄን። ወህኒው ለሃያ አምስት ዓመተኞች መኝታ ከቤት የሚቀበለው በዓመት አንድ ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ነው። ስፖንጅ ይነዳል ተብሎ አይገባም፤ ጥጥ ብቻ። ሙሄ ከኅዳር ጀምሮ ሲሚንቶ ላይ ነው የተኛው። በነሐሴ ስትጠይቀው ጎኑን ይዞ ነበር የሚያስለው። «እታለም፣ ብርዱ ከታች ነው የሚመጣው፤ ከላይማ ብርድ ልብስ አለኝ» አላት። እንዲህ ሲል ስቆ ነበር። እሷ ግን አሳሳቁን አልወደደችውም፤ አባታቸው በመጨረሻው ሰሞን እንደዚያ ነበር የሚስቀው።

ጥጥ አዘጋጀች። ልብሱን ሰፋች። ጳጉሜ አንድን ጠበቀች።

ጳጉሜ አንድ ዘነበ። ሁለትም ዘነበ። የሩፋኤል ለት ሰማዩ ተቀደደ፤ ሰዉ ተደሰተ፣ ሉባባ በር ላይ ቆማ ዝናቡ ላይ እንደ ባለዕዳዋ አፈጠጠች። በአራተኛው ቀን ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱ ላይ ተኛ። አምስትም ዘነበ። እርጥብ ጥጥ ቢመታ ይለጠፋል፤ ሳይደርቅ ቢሞላ ይሻግታል። ቤት ውስጥ እንዳትመታው ክፍሏ ፀሐይ አያውቃትም። ሌላው ደንበኛ ሁሉ «ለከርሞ ይሁን» ብሎ ፍራሹን ወሰደ። ለሙሄ ጎን ግን ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሰዉ በየታዛው ስር ተጠልሎ ስለ አንድ ነገር ይነጋገራል። ዘመኑ ሉቃስ ነው። በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ሉቃስ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገ ቆጣሪው ተኝቶ ይውላል ወይስ ይነቃል?

የቀበሌው ጸሐፊ ጌታሰው ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። «ወረቀቱ ምንም አይልም» አለ።

«ወረቀቱ መቼ ምን ብሎ ያውቃል!» አሉ አያ እንድሪስ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሰዓት አዳሽ ነበሩ። «ይሄ ነገር አምስት ቀን እንዲተኛ ነው የተሞላው። ማነው ደግሞ ሉቃስ ነው ብሎ ጆሮው ላይ የሚነግረው? ሰዓት የሞሉትን ያህል ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያ ነገ ይነቃል?»

«እኔ ነቢይ ነኝ? ቤታችሁ ተቀመጡ ነው የምለው።» ወደ ሉባባ ዞሩ። «አንቺንም ጭምር ልጄ።»

«ጳጉሜ ጳጉሜ ነው፤ አምስትም ትሁን ስድስት» አለች ሉባባ።

«እሱን ለኔ ሳይሆን ለቆጣሪው ንገሪው።»

«ነገ ፀሐይ ከወጣች እነግረዋለሁ።»

ፀሐይዋ ወጣች። አምስት ቀን ተደብቃ የከረመች ትመስል ነበር፤ እንዲያ ያለ ጠዋት። ጦሳ ታጥቦ አረንጓዴው ዓይን ይወጋል። ልጆች ለነገ አደይ ሊለቅሙ ወደ ዳገቱ ሄደዋል። ትልልቆቹ ግን በየበራቸው ደፍ ላይ ቆመዋል፤ ባለ ሁለቶቹ እጃቸውን ወደኋላ እንዳጣመሩ። ማንም ቀድሞ መውጣት አልፈለገም።

ሉባባ ሸራዋን መንገድ ዳር ዘረጋች። ጥጡን በተነች። እስኪሞቅ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ አንዴ በእጇ እየዳሰሰች፣ አንዴ ቆጣሪውን እያየች። ዓይኑ ጨለማ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ጥጡ ደረቀ። ቢስሚላሂ ብላ ዘንጎቹን አነሳች።

ጧ። ጧ።

ብናኙ በፀሐይዋ ውስጥ ተነሳ። ቆጣሪው ዝም አለ። ከበር ደፍ ላይ አንድ ሰው ሳቀ፤ አንዱ እጁን ፈታ። ሉባባ ቁና ቁና እየተነፈሰች መታች፤ ክንዷ ዓመት ሙሉ የናፈቀውን አገኘ። ሃያ ጊዜ ያህል እንደመታች ቆጣሪው ዓይኑን ገለጠ።

«መስከረም አንድ» አለ። «እንኳን አደረሳችሁ። አየር ማወክ። በማን እጅ?»

«ኧረ መስከረም ነገ ነው!» አለ አንድ ሰው ከበሩ። የፈታውን እጁን ወዲያው መልሶ አጣመረ።

ሉባባ ዘንጎቹን እንደያዘች ቆመች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሃምሳ አንድና ሃያ አምስት ስንት እንደሆነ ለመደመር ሦስተኛ ክፍል ይበቃል። ጥጡን አየችው፤ ሩቡ እንኳ አልተፈታም። የቆጫት እሱ ነበር።

«በማን እጅ?» አለ ቆጣሪው ሁለተኛ።

ፊቴን አንብቦ ከሚወስደኝ በገዛ እጄ ልስጠው ብላ አሰበች። ዘንጎቹን ሸራው ላይ አስቀመጠችና ወደ ቆጣሪው ሄደች። አሥር እርምጃ ነው። አምስቱን እንደተራመደች ከኋላዋ ጩኸት ሰማች።

«በሕግ አምላክ! ሉባባ! ባለሽበት ቁሚ!»

እግሯ ቆመ። ልቧ አላዘዘውም፤ ያንን ቃል ሰምቶ ባለበት እንዲቆም ከእናት ከአባቷ የተማረ እግር ነው። ድምፁን ታውቀዋለች፤ ሦስት ዓመት በግድግዳ በኩል ስትሰማው ኖራለች። የሻረግ መቀነቷ ተፈትቶ፣ አንድ እግሯ ጫማ አንዱ ባዶ ሆኖ በአጠገቧ አለፈች። ከሸራው ላይ አንዱን ዘንግ አንስታ ጥጡን አንዴ ጧ አደረገችው፤ ውሸት እንዳይሆንባት ነው። ከዚያ ሮጣ ሄዳ መዳፏን ሰሌዳው ላይ ለጠፈች።

«በኔ!» አለች። «በየሻረግ ታዬ እጅ!»

«ተቆጥሯል» አለ ቆጣሪው። አንጓዋ ላይ አንድ በራ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ምን አደረግሽ አንቺ ሴት?» አለች ሉባባ። ለየሻረግ ከሦስት ዓመት በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ዝም በይ። ዳቦዬን አልበላም ማለትሽ ሰልችቶኛል» አለች የሻረግ። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ይቺን መዳፍ የት እንደማደርጋት ጠፍቶኝ ነበር። አሁን ዞር በይ፤ እኔ ልምታው። አሳዪኝ።»

«አንቺ ከመታሽ፣ ሥራው እስካልቆመ ድረስ በየሩብ ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ሁለት ልትሆኚ ነው?»

የሻረግ ይህን አላሰበችበትም። ዘንጉን ይዛ ቀረች። ጥጡ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ሥራ አለው።

አያ እንድሪስ ከበራቸው ደፍ ወረዱ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «የሚቀጥለው ሩብ ሰዓት የኔ ነው» አሉ።

«አያ እንድሪስ፣ አንቱ ደግሞ! በዚህ ዕድሜ!»

«በዚህ ዕድሜዬ ሦስት የሚያደርሰኝ ጉልበት የት አባቱ አለኝ? አንዱን ብቀበል ምን እሆናለሁ። ይልቅ ይሄን ዘንግ በየት በኩል ነው የሚይዙት?»

«ወፍራሙን ወደ እጅ። ኧረ ቀስ! ጥጥ እንጂ እባብ አይደለም!»

ሰዉ ሳቀ። ሉባባ እጇን ወደኋላ አጣምራ ሸራው ዳር ቆመች፤ መምታት አትችልም፣ መናገር ግን ትችላለች። እሷ እየተናገረች ሰዉ መታ። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ቆጣሪው ጠየቀ፣ አያ እንድሪስ ሄደው አሳረፉ። ቀጥሎ ዳቦ ቤት ያላት ዘምዘም መጣች፤ ቀጥሎ የየሻረግ ባል፤ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው። ሁሉም አንድም ቁጥር የሌለባቸው ባዶዎች ነበሩ፤ ባለ አንዶቹ ሊመጡ ሲሉ ሉባባ በዓይኗ መለሰቻቸው። ስድስተኛዋ ከኮምቦልቻ ለበዓል ዘመድ ጥየቃ የመጣች ወጣት ሴት ናት። ሉባባ አታውቃትም።

«እቴ፣ አንቺ እንኳን እንግዳ ነሽ፤ ተይው» አለቻት።

«አጎቴ እንደ ወንድምሽ ነው» አለች ልጅቷ። «ያን ቀን አጠገቡ ሰው አልነበረም።» ሌላ ነገር አልተናገረችም። በደንብ ትመታ ነበር።

ጌታሰው ጸሐፊው ይህ ሁሉ ሲሆን ማዶ ቆሟል። ቁጥር ከበራበት በነጋታው ከሥራ ይወጣል፤ አራት ልጆች አሉት። የኮምቦልቻዋ ልጅ መዳፏን አሳርፋ ስትመለስ ጉሮሮውን ጠረገና ተሻገረ። «ፍራሽ መሙላት ወንጀል ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አይደለም» አለች ሉባባ።

«በሉ ጫፉን ስጡኝ።»

ጫፉን ያዘ፤ ሉባባ ሞላች። መስፋትም አይቆጠርም። ጀምበር ጦሳ ላይ ስትደርስ የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጠረች። ሰዉ ለበዓሉ ዋዜማ ወደየቤቱ ሲገባ እሷ በየበሩ ሄዳ በየተራ የስድስቱን እጅ ሳመች፤ የጌታሰውንም ሳመች፤ አፈረ። የሻረግ በር ላይ ስትደርስ የምትስመው እጅ ዳቦ ይዞ ነበር። ተቀበለች። እዚያው በር ላይ ቆማ በላች።

በእንቁጣጣሽ ማለዳ ፍራሹን በጋሪ ጭና ወህኒው በር ደረሰች። ጠባቂው ረጅም ሽቦ ይዞ ፍራሹን እዚህም እዚያም ወጋው።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ጥጥ።»

«ሌላስ?»

«ስድስት ሰው።»

ጠባቂው ቀና ብሎ አያት፤ አንጓዋን አየ፤ ሽቦውን አወጣና «አስገቡላት» አለ።

ሙሄ በሽቦው አጥር ማዶ ቆሞ የሆነውን ሁሉ ስትነግረው ሰማት። ስትጨርስ ፊቱን አዞረ።

«እታለም፣ በአንድ ጣውላ እኔ ገባሁ። በአንድ ፍራሽ ደግሞ ስድስት ሰው ተቆጠረ። እኔ በምን ጎኔ ነው የምተኛበት?»

«በሚያምህ።»

«አልተኛበትም።»

«ሙሄ!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ጠባቂውን አየችና ዝቅ አደረገችው። «ስማኝ። አያ እንድሪስ እስካሁን ክንዳቸውን ማንሳት አቅቷቸዋል። ያቺ የኮምቦልቻ ልጅ ስሟን እንኳ አልነገረችኝም። ሲሚንቶው ላይ ብትተኛ ቁጥራቸው አይነሳም፤ እንዲሁ ሜዳ ይቀራል። ትተኛበታለህ፤ ወገብህ ቀና ሲል አመሰግናለሁ ትላለህ። ከኛ የሚጠበቀው ይሄ ነው።»

ሙሄ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «ለየሻረግ ምን ልበላት?»

«ራስህ ትነግራታለህ። እንድትጠይቅህ አስመዝግቤያታለሁ።»

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ፤ አንድ መስመር ነው። «ብርዱ ከታች መምጣት ትቷል።» ሉባባ በየቤቱ እየዞረች አስነበበችው። ለኮምቦልቻዋ ልጅ በዘመዶቿ በኩል ተላከላት።

ስለ ቆጣሪውና ስለ ስድስተኛዋ ጳጉሜ በሚቀጥለው ወር መግለጫ ወጣ። ቆጠራው ሕጋዊ ነው ተባለ፤ የተሳሳተው ዓመቱ ነው። በቧንቧ ውሃ ሰፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ የነበሩት ቀነሱ፤ ለሚቀጥለው ጥጥ የሚበቃ መዳፍ ይኑር አይኑር ማንም አልቆጠረም።

ሉባባ ምስጋናዋን በምታውቀው ነገር ከፈለች። አምስቱን የሰፈሯን ሰዎች እየተቀበለች የተቆጠረ ሰው እንዴት እንደሚኖር ታስተምራቸው ጀመር። አያ እንድሪስ ከዘራቸውን ሲያነሱ ወደ ሰው እንዳይቀስሩ። ዘምዘም ዱቄት በር ላይ እንዳታራግፍ። ልብስ ሰፊው ሲያስነጥሰው በክርኑ። ሲናደዱ ውሃ በአፋቸው ይዘው አርባ እንዲቆጥሩ። ሁሉም በጥሞና ተማሩ።

የመጨረሻዋ የሻረግ ነበረች። ሰኞ ገበያ አብረው ሊሄዱ ወጡ። የሻረግ እጇን ወደኋላ ለማጣመር ሞከረች፤ ወፍራም ናት፣ አልደረሰላትም። ወደ ጎን አደረገችው፣ ተወናጨፈ። ወደ ፊት አደረገችው፣ ለልመና መሰለ። ቆጣሪው ከላይ ያያል።

«ኧረ ሉባባ» አለች፣ «እጄን የት ላድርገው?»

ሉባባ ከኋላዋ ያጣመረችውን እጅ ፈታች። ከኅዳር ወዲህ ከጳጉሜ ውጭ ስትፈታው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የየሻረግን እጅ ያዘችና በራሷ እጅ ውስጥ ጨበጠችው።

«እዚህ» አለቻት።